ግዝቱ በማን ላይ ነው?

ወርቅአገኘሁ ነገረ ፈጅ ነበር። ነገረ ፈጅ ማለት የሌላውን ሰው ሙግት ተቀብሎ በዳኛ ፊት የሚከራከር፣ ሲያሸንፍ የሚመረቅ፣ ሲሸነፍ ዘር ማንዘሩ የሚረገም ሰው ነው። ቤቱ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ ዝግባ ሥር ማርያም ከምትባለው ደብር አጠገብ ነው። ሰውነቱ ከሲታ፣ ድምፁ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር። ለሙግት ሲቆም ኩታውን ያጣፋል፣ ዘንጉን መሬት ላይ ይተክላል፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልለወጣትን ቃል ይናገራል፦ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ተረቱማ የሁሉ ሰው ነው። ወርቅአገኘሁ ግን አምኖበት ነበር። በእሱ ቤት ማንኛውም ነገር አንድ ሥር ብቻ አለው፤ የቀረው ሁሉ ቅጠል ነው፤ ዳኛ በቅጠል አይፈርድም። ስሙ የወጣበትን የበቅሎውን ሙግት አንኮበር ላይ የማያውቅ አልነበረም። አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ አሞሌ ጨው የጫነ በቅሎው ዳገት ላይ ገደል ገባበትና መንገድ ዳር ውሻ ያለውን ገበሬ ከሰሰ። ውሻው ጮኸ፣ በቅሎው በረገገ፣ ገደል ገባ፤ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ወርቅአገኘሁ ለገበሬው ቆመና «ውሻው በየቀኑ ይጮኻል፤ በቅሎ ግን በየቀኑ ገደል አይገባም» አለ። ከዚያ ከብብቱ የተበጠሰ ጠፍር አወጣ። ጠፍሩ ባይበጠስ ጭነቱ አይዞርም፣ ጭነቱ ባይዞር በቅሎው አይወድቅም፤ ሥሩ የነጋዴው የራሱ ጠፍር ነው። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ገበሬው ነፃ ወጣ። ነጋዴው በዋዜማው እዚያው መንደር አድሮ ስለነበር ጠፍሩን ሲያኝክ ያመሸው ያው ውሻ መሆኑን ወርቅአገኘሁ ያውቃል። ግን ማንም አልጠየቀውም።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከዞረ ወዲህ ትልልቁ ነገር ጓዙን ጠቅልሎ አብሮ ሄደ። ለወርቅአገኘሁ የቀረለት የዶሮና የድንበር ድንጋይ ነገር ነው። ባልንጀሮቹ ነገረ ፈጆች ተከትለው ሲወጡ እሱ ቀረ፤ ሚስቱ ብርሃነሽ «እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ ደብሬን ትቼ የትም አልሄድም» ስላለችው ነው። ሰው ሁሉ ወርቅአገኘሁን በክርክር የሚረታው የለም ይል ነበር። ብርሃነሽ አትከራከረውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትናገርና ሥራዋን ትቀጥላለች። እሷን እንዴት መርታት እንደሚቻል እስከ ዕለተ ሞቱ አላወቀም።

ሙግት ሲጠፋበት የሙግት አምሮቱን የሚወጣው በየኔታ ገብረመንፈስቅዱስ ላይ ነበር። የኔታ የዝግባ ሥር ማርያም ቄስና የትርጓሜ መምህር ናቸው። ትርጓሜ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ አንዲት ቃል ከመጽሐፍ ትነበባለች፤ መምህሩ ይፈቷታል፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሌላ። የኔታ ይህን ሥራ አርባ ዓመት ስለሠሩበት ምላሳቸው ለምዶት ከመጽሐፉም ውጭ መተው አቃታቸው። ጣታቸውን እንቅፋት መትቷቸው «ምን ሆኑ የኔታ?» ሲባሉ፣ «አንድም ድንጋይ መታኝ፣ አንድም ወደ ሰማይ እያየሁ ሄድኩ፣ አንድም ትናንት ያን ለማኝ ባዶ እጁን ሰድጄዋለሁ» ይላሉ። የደብረ ብርሃንን መንገድ የጠየቃቸው መንገደኛ ሦስት መንገድ ተሰጥቶት በሦስቱም ጠፍቷል ይባላል።

ሁለቱ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ፣ የሰንበቴው ዳቦና ጠላ ሲቀርብ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነታረካሉ። ነገሩ ምንጊዜም ያው ነው፤ የአንድ ነገር ምክንያት አንድ ነው ወይስ ብዙ?

«ጅብ በግ በላ እንበል» ይላሉ የኔታ። «ምክንያቱ ማነው?»

«በሩን ሳይዘጋ የተኛው ባለቤት ነዋ።»

«ጅቡስ?»

«ጅብማ ጅብ ነው፤ ምን ያድርግ?»

«አየህ፣ እዚህ ላይ ነው የምትስተው። የረሳ እጅና የነከሰ ጥርስ አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። አንዱ አደረገ፣ አንዱ ተወ። ማድረግና መተው አንድ ከሆኑማ የተኛ ሰው ሁሉ ሲሠራ አደረ በለኛ። ዝናብ ገብሱን ማብቀሉ ሌላ ነው፣ ገበሬው መዝራቱ ሌላ ነው፣ ወፏ አለመልቀሟ ሌላ ነው። ሁሉንም ምክንያት ብለህ በአንድ ስልቻ አትክተት።»

«የኔታ፣ የእኔ ሚዛን አንድ ናት። ‹ይህ ባይሆን ያ ይሆን ነበር ወይ?› ብዬ እጠይቃለሁ። አይሆንም ካሉኝ ሥሩ እሱ ነው።»

«እንግዲያማ አዳም ባይበላ በጉም አይበላም ነበር። ሂድና አዳምን ክሰሰው።»

«ዋስ ከጠራ እከሰዋለሁ» ይላል ወርቅአገኘሁ ዳቦውን እየቆረሰ።

እንዲህ እየተባባሉ አሥራ ሁለት ዓመት ቆዩ። ማንም አላሸነፈም፤ ዳቦው ግን ሁልጊዜ ያልቅ ነበር።

ነገር የመጣው በ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር መገባደጃ ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ብርሃነሽ ወገቧን አሟት በጊዜ ጋደም አለች። ከመተኛቷ በፊት ለባሏ «እሳቱን ያዳፍኑልኝ» አለችው። ማዳፈን ማለት ፍሙን በአመድ መቅበር ነው፤ የተዳፈነ እሳት ሳይጠፋ ያድራል፣ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ መቀስቀስ ብቻ ነው። ወርቅአገኘሁ ለእሑድ የኔታን የሚያፈርስበት ክርክር እያቀነባበረ ነበር። «እሺ» አለ። ይህችን «እሺ» አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ረቡዕ ጠዋት ምድጃው ውስጥ ያለው አመድ ብቻ ነበር። ብርሃነሽ ምንም ሳትናገር የሸክላ ስባሪ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ወደ ጎረቤቷ ወደ ዘርፈሽዋል ቤት ሄደች። ዘርፈሽዋል ሦስት ፍም ሰጠቻት፤ ብርሃነሽ ኩበት ጎርዳ ጣል አደረገችበትና በገሉ ይዛ ተመለሰች። የየኔታ ጎጆ መንገዷ ላይ ነው። የኔታ ደጃፋቸው ቆመው አዩዋትና «ብርሃነሽ፣ ነይ እስቲ፤ ለዚያ ባልሽ የምትነግሪልኝ ነገር አለ» ብለው ጠሯት። ቀረበች። መስቀላቸውን አወጡ። መስቀል ደግሞ እሳት በእጅ ይዞ አይሳለሙትም፤ ስለዚህ ገሉን ከእግሯ ሥር መሬት አኖረችው፤ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። የኔታ «ለወርቅአገኘሁ፣ አንድም አዳም ዋስ አያሻውም ብለውሃል በይው» አሏት። እሺ ብላ ገሏን አንሥታ ሄደች።

ከአጥሩ ጥግ የክዳን ሣር ተከምሮ ነበር። ብርሃነሽ ቤቷ ገብታ እሳቷን ከያያዘች በኋላ ከየኔታ ጎጆ ጭስ ታየ፤ ቀጥሎ ነበልባል። ሰው ደርሶ መጻሕፍቱን አወጣ፤ ላሟም ወጣች። የኔታ ግን ከራስጌያቸው የማትለየውን ዳዊት ረስተዋት ነበር። መምህራቸው ሲሞቱ ያወረሷቸው ናት፤ ዳርና ዳሩ በመምህራቸው ጣት የጠቆረ። ይህን ያዩ ሰዎች የኔታ እንደ ሕፃን አለቀሱ ይላሉ፤ እውነትም አልቅሰዋል።

ሰው ሲያዝን የሚያደርገውን አያውቅም። የኔታ ከጭሱ ፊት ቆመው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና ገዘቱ። ሌላ ካህን ቢሆን «ያቃጠለው ሰው» ብሎ ባንድ ቃል በጨረሰው። የኔታ ግን የኔታ ናቸው። «ይህን እሳት ያመጣ፣ አንድም ላመጣው ያቀበለ፣ አንድም ማገዶ ያቀረበ፣ አንድም ለነፋሱ መንገድ የከፈተ፣ አንድም ጭሱን አይቶ ዝም ያለ፣ ለዚህ እሳት ምክንያት የሆነ ሁሉ ከቅዳሴ፣ ከማዕድ፣ ከሰላምታ የተለየ ይሁን» አሉ። ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ። ወርቅአገኘሁም ከፊት ቆሞ ከሁሉ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ።

ቤት ሲገባ ብርሃነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«ምንሽ?»

«ጎጆውን ያቃጠልኩት። ገሉን ያኖርኩት ከሣሩ አጠገብ ነው። ነፋስ ነበር።»

ወርቅአገኘሁን ነገረ ፈጅነቱ ቀደመውና «ማን አየሽ?» አለ።

«ማንም።»

«እንግዲያ ማን ይመሰክርብሻል?»

«እኔ።»

ወርቅአገኘሁ በሠላሳ ዓመት ሙግቱ እንዲህ ያለ ምስክር ገጥሞት አያውቅም። ሊመክራት ሞከረ፤ አልሰማችውም። ሰሃኗን ለየች፣ ዋንጫዋን ለየች፣ «እስክፈታ ድረስ ከእጄ አይበሉም» አለች። እሑድ ሰዉ ሲሰበሰብ ለየኔታ ትናገራለች፤ እስከዚያ ለየብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አራት ቀን ለወርቅአገኘሁ የመከራ ቀን ነበር። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ ወርቅአገኘሁ ያን ሁሉ አፍ ይዞ ገብስ እንኳ መቁላት አልቻለም። የቆላው ቆሎ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ከሰል ነበር። ኀሙስ ያንን በላ፣ ዓርብ ያንኑ በላ፣ ቅዳሜ አንድ ጥርሱ ተነቃነቀ።

ቆሎውስ ይሁን፤ አንጀቱን የበላው ሌላ ነው። ልጃቸው ይርጋለም ባል ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስንት ስለት ተስላ፣ ስንት ጠበል ጠጥታ፣ በዚህ በታኅሣሥ መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አርባ ቀን የሚሞላው በሚመጣው ሳምንት እሑድ ነው፤ ክርስትና ይነሣል። ብርሃነሽ ለዚያ ቀን ጌሾ ወቅጣ፣ ጋኗን አጥባ አጥና ጠላ ጠንስሳ ነበር። ግዝት ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ጠላዋን የሚቀምስላት፣ «እንኳን ማርያም ማረችልሽ» ብሎ ደጇን የሚረግጥ አይገኝም። የልጅ ልጇ ስም ሲሰጠው እሷ ከቅጽሩ ውጭ ትቆማለች። ቅዳሜ ከሰዓት ጋኑን በጨርቅ ሸፍና ስታስር አያት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ወርቅአገኘሁ ወጥቶ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ይህን ሙግት ካልረታሁ የረታሁት ሁሉ ገለባ ነው ብሎ አሰበ።

በዚያው ሰዓት ሌላም ሐሳብ ሊገባ በሩን ሲያንኳኳ ነበር። ምድጃው፣ አመዱ፣ «እሺ» የምትለዋ ቃል። ወርቅአገኘሁ «የለሁም» አለው።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ ከቅጽሩ ውጭ ከትልቁ ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው ጭቃ ሹሙ ይሁኔ ነው፤ ወፍራም፣ ችኩል፣ ሰንበቴው ሳይቀዘቅዝ ነገር እንዲያልቅ የሚወድ ሰው። ከየኔታ ጎን አባ ገብረ ሕይወት የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠዋል፤ ከመዘዞ የየኔታ እንግዳ ሆነው ኀሙስ ሲደርሱ ማረፊያቸው አመድ ሆኖ ነው የጠበቃቸው።

ብርሃነሽ ከሰዉ ራቅ ብላ ቆማ ተናገረች። «ረቡዕ ጠዋት እሳቴ ጠፍቶ ነበር። ከዘርፈሽዋል ቤት ፍም ጭሬ ስመለስ የኔታ ጠሩኝ። መስቀል ለመሳለም ገሉን ከሣሩ አጠገብ አኖርኩት። የየኔታ ዳዊት የነደደችው በእኔ ነው» አለች። ከዚህ በላይ አልጨመረችም።

የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። ብርሃነሽን ይወዷታል፤ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ እርጎ የምትልክላቸው እሷ ናት። ግን ዳዊቷ ከዓይናቸው አልጠፋችም። «ልጄ፣ ግዝቱ ባንቺ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ወርቅአገኘሁ ኩታውን አጣፍቶ ተነሣ። «ስለ ብርሃነሽ የምናገረው እኔ ነኝ። ግዝቱ በእሷ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጉንዶ ማር እሰጥ!»

እሰጥ የተባለ ማር፣ ተከራካሪው ከተረታ፣ የዳኛው ነው። ይሁኔ ማር ሲሰማ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

የኔታ ግን ፈገግ አሉ፤ ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። «ወርቅአገኘሁ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ፍሙ እዚያ ባይቀመጥ ሣሩ ይነድ ነበር ወይ?»

«አይነድም።»

«እንግዲህ ሥሩ እሱ ነው፣ የቀረው ቅጠል ነው። ሚዛኗ ያንተው ናት። አሥራ ሁለት ዓመት አልቀበልህም ብዬህ ነበር፤ ዛሬ ተቀበልኩህ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ወርቅአገኘሁ ዞረ። ሠላሳ ዓመት የሳለው ቢላ በገዛ አንገቱ ላይ ነበር። ዘንጉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ አለ፦

«አንድም…»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አባ ገብረ ሕይወት ነገሩ ስላልገባቸው አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው እሳቸውም ሳቁ። ወርቅአገኘሁ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና ቀጠለ።

«የገዘቱት የኔታ ናቸው፤ ቃሉም የየኔታ ነው። ‹ያመጣ› ብቻ አላሉም። ‹አንድም ያቀበለ› ብለዋል። ዘርፈሽዋል፣ ፍሙን ማን ሰጣት?»

ዘርፈሽዋል «እኔው ነኝ፤ እሳት የሚከለክል ጎረቤት አለ እንዴ?» አለች፤ ወዲያው ያለችው ገባትና አፏን በእጇ ሸፈነች።

«‹አንድም ለነፋሱ መንገድ የከፈተ› ብለዋል። ከየኔታ ጎጆ በስተምሥራቅ ነፋሱን የሚይዙት ሦስት ጥዶች ነበሩ። ባለፈው ኅዳር ለቤታቸው ምሰሶ ያስቆረጡት ማን ናቸው?»

ሁሉም ያውቃል። ጭቃ ሹሙ ይሁኔ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ነገሩን አሳጥር» አለ።

«ሊያጥር ነው። ‹አንድም ጭሱን አይቶ ዝም ያለ›። እናንተ ከአውድማው የነበራችሁ ሰዎች፣ ጭሱን አላያችሁም?»

«አየን» አለ አንዱ እያመነታ። «የኔታ ዛሬ ምን ቢሠሩ ነው፣ አልን እንጂ…»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሥራችንን ቀጠልን።»

አሁን የሚስቀው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ወርቅአገኘሁ ወደ የኔታ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ሲያከብር ነው የሚያስፈራው።

«የኔታ፣ ይቅርታዎን። ሣሩን ከአጥሩ ጥግ ማን አስከመረው?»

«እኔ።»

«ብርሃነሽን ከመንገዷ ማን ጠራት?»

«እኔ።»

«መስቀሉን ማን ዘረጋላት?»

የኔታ የያዙትን መስቀል አዩት። ከሰዉ መካከል አንድ ሽማግሌ «ኧረ የኔታም ገቡበት» ሲል ተሰማ። አጠገብ ለአጠገብ ተጠጋግቶ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ መራራቅ ጀመረ፤ አንዱ ጋቢውን ከጎረቤቱ ጋቢ ላይ ሰበሰበ። ደጀ ሰላሙ ላይ የሰንበቴው ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ይጠብቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላው ግን አልታወቀም።

«እንግዲያ ልፍታዋ» አሉ የኔታ።

«የታሰረ ሰው እንዴት ይፈታል?» አለ ወርቅአገኘሁ።

ዓይን ሁሉ ወደ እንግዳው መነኩሴ ሄደ። አባ ገብረ ሕይወት እጃቸውን ዘርግተው «እኔ ረቡዕ ዕለት ከመዘዞ ገና አልተነሣሁም፤ በዚህስ የለሁበትም» አሉ።

ወርቅአገኘሁ እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። ግን በቅሎ ዳገት ሲለምድ ሜዳም ላይ ያለከልካል። «የኔታ፣ ለመሆኑ ያ ሣር ለምን ነበር የተከመረው?» አለ።

የኔታ ራሳቸውን ደፉ። «እንግዳ በአሮጌ ክዳን ሥር እንዳያድር ብዬ ጎጆውን ላድስ ነበር። አባ ይመጣሉ ተብሎ…»

አባ ገብረ ሕይወት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉ እስኪለቃቸው ሰው ውሃ አመጣላቸው። ውሃውን ያመጣችው ሴት ዋንጫውን አቀብላ ወዲያው ሸሸች።

«ስሙኝ» አሉ አባ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ግዝት መለየት ነው። ሁላችንን ከያዘ ማን ከማን ተለየ? እሳት ካየው ምን ለየው። ግን በቀልድ አንለያይም። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የሚቆጠረው ሁሉ የሰው ጥፋት ነው። አሁን እያንዳንዱ ይነሣና የራሱን ብቻ ይናገር። የራሱን የተናገረውን እኔ እፈታለሁ፤ የእኔን ደግሞ ገብረመንፈስቅዱስ ይፈታል። የሌላ ሰው ስም የጠራ አይፈታም።»

ሰዉ ይህን ወደደው፤ ጠላውም ሊሞቅ ነው። ዘርፈሽዋል ተነሥታ «ፍም የሰጠሁ እኔ ነኝ» አለች፤ ተፈታች። የአውድማው ሰዎች አንድ ባንድ «ጭስ አይቼ ዝም አልኩ» አሉ። ጭቃ ሹሙ ይሁኔ ሳይነሣ፣ ቶሎ ቶሎ፣ «ጥዱን ያስቆረጥኩ እኔ ነኝ» አለ፤ አባ «ቆመህ» አሉት፤ ቆሞ ደገመው። የኔታ «ሣሩን ያስከመርኩ፣ ሴቲቱን ከመንገዷ የጠራሁ እኔ ነኝ፤ አንድም…» ሲሉ አባ እጃቸውን አነሡ። «አንድም የለም ገብረመንፈስቅዱስ፤ ይበቃል።» መጨረሻ ብርሃነሽ ቀርባ «ገሉን ያኖርኩት እኔ ነኝ» አለች። አባ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ከሰዉ መካከል ሴቶች መጥተው አቀፏት።

ወርቅአገኘሁ ረታ። ክርስትናው ተረፈ፣ ጠላው ተረፈ፣ ሚስቱ ተረፈች። «ሁሉም ተናገረ?» አሉ አባ ዘንጋቸውን እያነሡ። ማንም ወርቅአገኘሁን አላየውም፤ እሱ ነገረ ፈጅ ነው፣ በነገሩ የለበትም።

ብርሃነሽም አላየችውም። ያቀፏትን ሴቶች ታናግራለች። ወርቅአገኘሁ ግን ጠዋት የተናገረችው ቃል አሁን ጆሮው ውስጥ ገባ፦ «እሳቴ ጠፍቶ ነበር።» ጠፍቶ ነበር አለች እንጂ ማን እንዳጠፋው አልተናገረችም። አራት ቀን ሰሃን ስትለይ፣ ሲቆላና ሲያሳርር ስታይ፣ አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ አይደሉም እንዴ ያላዳፈኑት?» አላለችውም። የደብሩን ሰው ሁሉ ከነመነኩሴው ሲቆጥር ያንን የተበጠሰ ጠፍር ከብብቱ እንዳወጣበት ቀን ነበር፤ ውሻውን ደብቆ።

ዝም ቢል ምን ይመጣል? ማንም አያውቅም። «ማንም» በሚለው ውስጥ ግን ያቺ በገዛ ራሷ ላይ የምትመሰክር ሴት አለችበት። ዛሬ ማታ መሶብ ታቀርባለች፤ የእሷ እጅ ተፈትቷል፣ የእሱ ግን አልተፈታም። እንጀራውን ሲቆርስ አትናገረውም። አለመናገሯን ሊችለው እንደማይችል ያን ጊዜ አወቀ።

«አንድ ሰው ቀርቷል» አለ።

ሰዉ ዞር አለ። ወርቅአገኘሁ ኩታውን አላጣፋም፣ ዘንጉንም አልተከለም። ያ የሁለት ሰው ድምፁ የት እንደገባ አይታወቅም።

«ማክሰኞ ማታ እሳቱን አዳፍን ተብዬ እሺ ብዬ ነበር። አላዳፈንኩትም።»

ከዚያ ዘርፈሽዋል፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። ሳቁ ከወይራው ላይ ወፎችን አስነሣ። የኔታ ሲስቁ ዕንባቸው ወረደ፤ ለዳዊታቸው ይሁን ለባልንጀራቸው እሳቸውም አላወቁትም። አባ ገብረ ሕይወት ፈቱት። ብርሃነሽ አሁን አየችው፤ ነጠላዋን አስተካከለችና «እንግባ፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል» አለች።

«ሥሩ ተገኘ በሉኛ!» አሉ የኔታ እየገቡ።

«ሥር አይደለም የኔታ፤ ከብዙው አንዱ ነው። ራስዎ አይደሉ እንዴ…»

«አይ፣ ሥር ነው። እሳቱ ቢዳፈን ብርሃነሽ ከቤት ባልወጣች፤ ከቤት ባትወጣ ባልጠራኋት።»

በዚህ ላይ እስኪመሽ ተነታረኩ፤ ዛሬ ግን የኔታ አንድ ነው ይላሉ፣ ወርቅአገኘሁ ብዙ ነው ይላል። ይሁኔ ማሩ የማን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም።

የየኔታ ጎጆ በሳምንቱ ተሠራ፤ ሣሩን ከእሳት መንገድ አርቆ የከመረው ጭቃ ሹሙ ራሱ ነው። ወርቅአገኘሁ አራት ፍየል አርዶ ቆዳውን ለብራና ሰጠ፤ የኔታ ዳዊትን በቃላቸው ስለሚያውቁ ሳያዩ ጻፏት፤ ከዳሯ ግን የመምህራቸው ጣት የለችም፤ ይህን ሲያነሡ ወርቅአገኘሁ አይከራከርም ነበር። የይርጋለም ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ፤ ዘርአ ዳዊት ተባለ። ብርሃነሽ ከቅጽሩ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ወርቅአገኘሁን ሊያበሽቅ ሲፈልግ «ምክንያት አንድ ነው ብዙ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም «የሰው ሲሆን ብዙ ነው፤ የቆጠርከውን ያህል ታገኛለህ። የራስ ሲሆን አንዷ ትበቃለች» ይላል። ማታ ማታ ደግሞ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ይህንኑ ለራሱ ሲያብላላ፣ ብርሃነሽ ከመደብ ላይ ሆና «እሳቱን አዳፈኑት?» ትለዋለች። ወርቅአገኘሁ «እሺ» አይልም፤ ተነሥቶ ያዳፍናል።